ከዝላዩ በፊት አወዳደቁ፦ የአንባብያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ ለልጆቼ ትልቅ ትራምፖሊን (በስፕሪንግ የተወጠረ የመዝለያ ጨርቅ) ገዝተን በጓሮ ተክለናል፤ ዙሪያውን መረብ አለው። ልጆቼ የ4፣ የ8 እና የ12 ዓመት ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ የዘመድ ልጆች ሲመጡ አምስት ስድስት ሆነው አብረው ይዘላሉ። በቅርቡ የጎረቤቴ ትንሽ ልጅ በዚሁ ጨዋታ እግሩ ስለተሰበረ ሐሳብ ገብቶኛል። መረቡ አይበቃም?
እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ አይበቃም። መረቡ የተሠራው ልጅ ወደ ውጭ ተወርውሮ እንዳይወድቅ ነው፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ግን እዚያው መዝለያው ላይ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መግለጫ፣ ከትራምፖሊን ጉዳቶች ሦስት አራተኛው ያህል የሚደርሰው ከአንድ በላይ ሰው አብሮ ሲዘል መሆኑንና ይበልጥ የሚጎዱትም ትንንሾቹ መሆናቸውን ገልጿል። ምክንያቱን አንዴ ከተረዱት ቅዳሜን እንደ ቀድሞው ማሳለፍ አይችሉም። የ12 ዓመቱ ልጅዎ ሲያርፍ ጨርቁ በእሱ ክብደት ወደ ታች ይወጠራል፤ ጨርቁ ወደ ላይ በሚመለስበት ቅጽበት የ4 ዓመቱ ልጅ ገና እየወረደ ከሆነ፣ ለስላሳ የመሰለው ጨርቅ እንደ ደረቅ መሬት ሆኖ ይቀበለዋል። ኃይሉ በቀጥታ ከጉልበቱ በታች ባለው የቅልጥም አጥንት ላይ ያርፋል። ወላጆች ለሐኪም «አልወደቀም እኮ፣ በእግሩ ነው ያረፈው» የሚሉት ለዚህ ነው፤ እውነታቸውን ነው፤ ልጁ ሳይወድቅ ተሰብሯል።

አካዳሚው ትራምፖሊን በመኖሪያ ቤትም ሆነ በጓሮ ለመዝናኛ እንዲውል አይመክርም፤ ይህን ሳልነግርዎ ማለፍ አልችልም። ትራምፖሊኑን ለማቆየት ከወሰኑ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ይዝለል፤ ሌሎቹ ከመረቡ ውጭ ተራ ይጠብቁ። የ4 ዓመቱ ልጅ ፈጽሞ አይውጣበት፤ የአጥንት ሐኪሞችም ከ6 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ይከለክሉታል። በአየር ላይ መገለባበጥ አሠልጣኝ ባለበት አዳራሽ እንጂ በጓሮ የሚሞከር አይደለም። ጨርቁን የወጠሩትን ስፕሪንጎች የሚሸፍነው ስፖንጅ ፀሐይ ሲበላው ስለሚሰነጣጠቅ በየጊዜው ይዩት። ከዝላይ ሁሉ በፊት ደግሞ ልጆቹ መቆምን ይማሩ፦ እግራቸው ጨርቁን ሲነካ ጉልበታቸውን አጥፈው ንዝረቱን መዋጥ፣ ከዚያ ሳይንቀሳቀሱ መቆየት። «ቁም!» ሲባል ወዲያው መቆም ያልቻለ ልጅ ከፍ ብሎ ለመዝለል አልደረሰም።

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በአንድ የሰርከስ ቡድን መሠልጠን ከጀመርኩ 8 ወሬ ነው። ወደ ኋላ መገልበጥ የተለማመድኩት ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ ጎን ለጎን ዘርግተን ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ስወድቅ መሬቱን በእጄ ተደግፌ አንጓዬ አበጠ። ወጌሻ አሽቶልኝ እብጠቱ ጎድሏል፤ ሕመሙ ግን አልለቀቀኝም። እንዴት ብወድቅ ይሻላል?
ወጣት ሠልጣኝ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአወዳደቁ በፊት አንጓህን። ነገ ሳትል ራጅ ተነሣ። በአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ፣ አንዲት ትንሽ አጥንት አለች፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲወድቅ በቀላሉ ትሰነጠቃለች፤ ደም በብዛት ስለማይደርሳት ካልታከመች ሳትጋጠም ልትቀር ትችላለች። በመጀመሪያው ራጅ ላይ ላትታይ ስለምትችል ሕመሙ ከቀጠለ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ራጁ እንዲደገም ጠይቅ። ወጌሻን የማከብር ሰው ነኝ፤ ነገር ግን ስብራት መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ መታሸት ጉዳቱን ያባብሳል፤ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያግድ እጅና እግር እስከ መቆረጥ የደረሱ ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ታይተዋል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ወደ ኋላ የምትወድቅ ከሆነ እጅህ ወደ ኋላ እንዳይዘረጋ፤ ችግሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ነው። አንጓህ ሲድን በዚህ ጀምር፦ ቁጢጥ በል፣ እጆችህን በደረትህ ላይ አጣምር፣ አገጭህን ወደ ደረትህ አስጠጋ፣ ጀርባህን እንደ ቅል አክብበህ ወደ ኋላ ተንከባለል። ጭንቅላትህ ፍራሹን እስከማይነካ ድረስ ደጋግመው። ከዚያ ከቆምክበት ሁነህ፣ ቀጥሎ ከትንሽ ዝላይ። አካልህ ከማሰቡ በፊት ይህን ማድረግ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል፤ ጊዜው አይቆጭህ።

በእግር ስታርፍ ደግሞ እግሮችህ በዳሌህ ስፋት ይራራቁ፤ የእግርህ ጣቶች ቀድመው ተረከዝህ ይከተል፤ ጉልበቶችህ ወደ ውስጥ ሳይጠጉ በእግር ጣቶችህ አቅጣጫ ይታጠፉ፤ ደረትህ በጥቂቱ ወደ ፊት ያዘንብል። በከባድ ዝላይ የሚመጣው ኃይል ከሰውነት ክብደት 10 እጥፍ ሊበልጥ ስለሚችል፣ ቀጥ ብሎ በቆመ ጉልበት የሚያርፍ ሰው ያን ሁሉ ለመገጣጠሚያው ያሸክመዋል። 30 ሳንቲ ሜትር ከሚሆን በርጩማ ላይ እየዘለልክ የማረፍህን ድምፅ አድምጥ፤ ዱብ የሚል ማረፍ ያልታጠፈ ጉልበት ምልክት ነው።

ፍራሾቹን በተመለከተ፣ ጎን ለጎን የተዘረጉ ፍራሾች መካከል ያለው ክፍተት እግር ውጦ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። በገመድ አጥብቃችሁ አያይዟቸው፤ በላያቸውም ወፍራም ሸራ ወጥሩ። በጣም የሚሰምጥ ስፖንጅ ብቻውን ለእግር አይመችም።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ ጂምናስቲክ ትሠለጥናለች። በአየር ላይ ስትዞር አቅጣጫ ጠፍቷት በጀርባዋ ወደቀች፤ ጉዳት አልደረሰባትም፤ ግን ያንን እንቅስቃሴ ፈራችው። አሠልጣኟ «በዚያው ቀን ካልደገመችው ፍርሃቱ ይሰርፃል» ይላል። ትክክል ነው?
አባት፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አይደለም። አቅጣጫ መጥፋት ከተራ ፍርሃት የተለየ ነው፤ አእምሮ ሰውነት በአየር ላይ የት እንዳለ ሳያውቅ ሲቀር አገጭን ማስጠጋትም ጉልበትን ማጠፍም በሰዓቱ አይመጣም። አሜሪካዊቷ ጂምናስት ሲሞን ባይልስ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ ሁለት ተኩል ጊዜ ለመዞር ተነሥታ አንድ ተኩል ዞራ አረፈች፤ ወዲያው ከቡድኑ ውድድር ወጣች። ብዙዎች ወቀሷት። በ2024 በፓሪስ ሦስት ወርቅ ወሰደች። በአንጻሩ የሶቪየቷ የዓለም ሻምፒዮን ዬሌና ሙኪና የተሰበረ እግሯ በቅጡ ሳይድን አደገኛ እንቅስቃሴ እንድትለማመድ ተደርጋ፣ የ1980 የሞስኮ ኦሊምፒክ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው በሚንስክ አንገቷን ተሰበረች፤ በ2006 ሕይወቷ እስኪያልፍ ድረስ ከአንገቷ በታች ሽባ ሆና ኖረች።

ልጅዎ ወደ ቀላሉ ደረጃ ትመለስ፤ በወፍራም ማት ላይ፣ በአሠልጣኝ እጅ ድጋፍ፣ ግማሹን ዙር ብቻ ትሥራ፤ ሙሉውን የምትሞክርበትን ቀን ራሷ ትምረጥ። አሠልጣኙ ይህን ካልተቀበለ ሌላ አሠልጣኝ ይፈልጉላት።