ለ13 ዓመት ልጅ የሚሆን ልብወለድ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ልጅሽ ክረምቱን በእንግሊዝኛ የምታነበው ልብወለድ ጠቁሙኝ ብለሻል። እኔም እዚሁ ድሬ እኩያዋን አሳድጋለሁ። የምታነበውን ቀድሜ ስለማነብ የመሰለኝን ልንገርሽ።

ከሁሉም በፊት የኤልዛቤት ሌርድን «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ስጫት። በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ ታሪኩም አዲስ አበባ ነው። ማሞ የሚባል ድሃ ልጅ ተታሎ ገጠር ለጉልበት ይሸጣል። የሀብታም ልጅ ዳኒ ደግሞ አባቱን ፈርቶ ከቤት ይጠፋል። ሁለቱን ጎዳና ያገናኛቸዋል። ልቤን የነካው የቡድናቸው ሕግ ነው፤ ማንም ያገኘውን ለብቻው አይበላም። የዳኒ አባት ቁጣ ግን እኛን ወላጆችን ቆንጠጥ ያደርጋል። ልጄ እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም ዝም!

የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዋተር» አጭር ነው፤ ቋንቋውም ቀላል። ሳልቫ የሱዳንን ጦርነት ሸሽቶ እኛ አገር ይገባል። በኋላ ግን ከስደተኞች ካምፑ ሲባረር ጋምቤላ ያለውን የጊሎ ወንዝ በጥይትና በአዞ መሃል ይሻገራል። እሱን ምዕራፍ አብረሻት አንብቢ፣ ይከብዳል።

ፊቱ ከሌሎች ስለሚለይ ልጅ የሚያወራው የአር. ጄ. ፓላሲዮ «ዎንደር»ም አይከፋም፤ መጨረሻው ላይ ስኳር በዛበት እንጂ።

የመጀመሪያው እኔ ጋ አለ። ከዚራ ሰፈር ብቅ ካልሽ አውስሻለሁ፤ ብቻ አደራ መልሺ!