ባሕር ማዶ ለሥራ ለምትሄዱ የጎጃም መካኒኮች

ውድ ልጆቼ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ጋራዦች ሙያ ተምራችሁ አሁን ወደ ዓረብ አገር ለመሄድ ፓስፖርት ያወጣችሁ ሁሉ፣ በዚያው መንገድ ሄጄ ዓመታት ሠርቼ የተመለስሁ በመሆኔ የምነግራችሁ አለኝ። ሂዱም ቅሩም አልላችሁም፤ ሙያ አላችሁ፤ የሚጎድላችሁ ሙያችሁን ለማያውቃችሁ ሰው የምታስረዱበት ልክ፣ ቋንቋና ወረቀት ነው።

የአባይን በረሃ የሚመላለስ መኪና የሚጠግን ሰው ስለ ፍሬን ብዙ ያውቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ያለፈ አይሱዙ ጋራዥ ሲገባ፣ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በሞተር መያዝ ሲገባው ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ እንደወረደ ከፍሬን ሸራው ሽታ ትለያላችሁ። ይህን የመሰለ ዕውቀት በዋዛ አይገኝም።

እኔም ይህንኑ ይዤ ሄድሁ። በመጀመሪያው ወር የአንድ ፒካፕ ቴስታታ፣ ማለትም የሞተሩን የላይ ክዳን፣ አውርጄ፣ ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ ጓርኒሲዮኑን ቀይሬ፣ ብሎኖቹን እጄ እንደለመደው አጠበቅሁ። የሥራ ኃላፊው መጥቶ የማጥበቂያ ኃይል በሚለካበት በኒውተን ሜትር ስንት አድርጌ እንዳጠበቅሁት ቢጠይቀኝ መልስ አጣሁ፤ ሁሉንም አስፈታኝ። ከዚያም የአምራቹን መመሪያ ገልጦ፣ ከመሐል ተነሥቶ ወደ ዳር በሚሄድ ቅደም ተከተል፣ በየዙሩ ኃይሉን እየጨመሩ፣ ያንን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ ማጥበቅ እንደሚገባ፣ የአሉሚኒየም ቴስታታ እኩል ካልጠበቀ ሊጣመም እንደሚችል፣ አንዳንዱም ብሎን ሲጠብቅ ስለሚለጠጥ አንዴ ከተፈታ በአዲስ እንደሚተካ አሳየኝ። ስለዚህ ገና እዚሁ ሳላችሁ መመሪያ ማንበብንና በቶርክ ቁልፍ መሥራትን ልመዱ።

ቋንቋውም እንዲሁ ነው። ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ የምንላቸው ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው፤ በዚያ አብሯችሁ የሚሠራው ሕንዳዊ ግን የሚያውቃቸው ሲሊንደር ሄድ፣ ስፓርክ ፕላግ፣ ክላች፣ ቤሪንግ ብሎ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን በደብተር ጽፋችሁ አጥኑ።

ወረቀትን በተመለከተ፣ የሙያ ትምህርት ቤት ሳትገቡ በጋራዥ የተማራችሁም ብትሆኑ የብቃት ምዘና ልትወስዱ ትችላላችሁና ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምስክር ወረቀት ሳትይዙ አትነሡ፤ ከጋራዡ ባለቤትም የሠራችሁበትን ዘመንና የሥራውን ዓይነት የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተቀበሉ። በውሉ ላይ የሙያችሁ ስም የጉልበት ሠራተኛ ሳይሆን የመኪና መካኒክ ተብሎ መጻፉን፣ ደመወዙንና የሥራ ሰዓቱን አረጋግጡ። ስለ ውጭ አገር የሥራ ስምሪት በወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ነው፤ እናንተ የምትከፍሉት እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የብቃት ምስክር ወረቀት ያሉትን ነው። ለትኬትና ለቪዛ ክፈል የሚላችሁን ሰው ተጠንቀቁት፤ ለዚህ ብላችሁ የአባታችሁን በሬ አትሽጡ።

የውሉን ቅጂ፣ የአሠሪውን ሙሉ ስም፣ አድራሻና ስልክ ለቤተሰብ ትታችሁ ሂዱ። እኔ ይህን አላደረግሁም ነበር። አሠሪዬ ስልኬን ወስዶ ስምንት ወር ድምፄ በጠፋበት ጊዜ፣ እናቴ ልጄ የት ነው ብላ የምትጠይቅበትን አገር እንጂ የምትጠይቀውን ሰው አታውቅም ነበር።