በብብቴ የሚመላለሰው ብጉንጅ በሌዘር ይነቀላል?

ጥያቄ፦ የ27 ዓመት ሴት ስሆን የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ላለፉት አምስት ዓመታት በሁለቱም ብብቶቼና በብሽሽቴ ብጉንጅ እየወጣ፣ እየመገለ ይመላለስብኛል። ሦስት ጊዜ ቢበጣልኝም ተመልሶ መጣ። በሌዘር ከሥሩ ይነቀላል ሲባል ሰማሁ፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድመው ይህ ሕመም በንጽሕና ጉድለት የመጣ እንዳልሆነ፣ ከሰው ወደ ሰውም እንደማይተላለፍ ይወቁልኝ፤ ብዙዎች በኀፍረት ደብቀውት ዓመታት ያልፋሉና። የገለጹልን ሂድራዴናይቲስ ሱፑራቲቫ ከሚባለው ሥር የሰደደ የቆዳ ብግነት ጋር ይመሳሰላል። የጸጉር ማብቀያው ቀዳዳ ተደፍኖ ከቆዳ ሥር ይፈነዳል፤ ይህ ሲደጋገምም አንዱን እባጭ ከሌላው የሚያገናኝ ቦይ ይፈጠራል። ስንመረምር ጫፉ ዱልዱም የሆነ ቀጭን መሣሪያ በአንዱ ቀዳዳ ገብቶ በሌላው ብቅ የሚልበት ጊዜ አለ። መብጣት መግሉን አውጥቶ ሕመሙን ለጊዜው ቢያስታግስም ቦዩን ስለማይነካው ብጉንጁ ይመለሳል።

የካርቦንዳይኦክሳይድ ሌዘር ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ የታመመውን ሥጋ ጤናማው እስኪደረስ ድረስ ንብርብር በንብርብር እያተነነ ያነሣል፣ የሚደማውም ጥቂት ነው። ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ በክር ሳይሰፋ ከሥር ወደ ላይ እንዲሞላ ስለሚተው፣ ለሳምንታት፣ ሰፊ ከሆነም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ ፋሻ መቀየር ያስፈልጋል። ሆኖም ሌዘሩ የሚያስወግደው የተሠራበትን ቦታ እንጂ በሽታውን አይደለም፤ በሌላ ቦታ አዲስ ሊወጣ ይችላል። ቦይ ገና ካልተፈጠረ ደግሞ በመድኃኒት መጀመር ይሻላል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የንፍፊት ቲቢም በብብት አብጦ፣ ፈንድቶና መግል እያፈሰሰ ሊቆይ ይችላል። ለዚህ የቆዳ ሕመም ከሚታዘዙት መድኃኒቶች አንዱ ሪፋምፒሲን ሲሆን እርሱው የቲቢ መድኃኒት በመሆኑና ቲቢ ካለ ያለ ሌሎቹ የቲቢ መድኃኒቶች ሲወሰድ ተሕዋሱ ሊላመደው ስለሚችል፣ ቲቢ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ መጀመር የለበትም። የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነም ሪፋምፒሲን ኃይሉን ስለሚያዳክመው አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ስለዚህ ለቆዳ ሕክምና በሚታወቀው፣ ከደሴ ወጣ ብሎ በሚገኘው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንዲታዩ እመክራለሁ። እስከዚያው ብብትዎን በምላጭ አይላጩ፤ በኮምቦልቻ ሙቀትም ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይልበሱ። በቀጠሮዎ ቀን እባጩ ጠፍቶ ቢውል እንኳ አይቅሩ፤ ጠባሳው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።