ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ ስትሞቅ አሻፈረኝ ትላለች

የዛሬው ጥያቄ ባጭሩ ይሄ ነው። አንዲት እህታችን ያገለገለች ትንሽ መኪና ገዝታለች፣ 1 ሊትር ባለ 3 ሲሊንደር፣ ቤንዚን፣ ኢንጀክተር፣ ማኑዋል ካምቢዮ። ጠዋት ቁልፍ ሲዞር ወዲያው ትነሳለች። ተነድታ ከሞቀች በኋላ ግን 10 ወይ 15 ደቂቃ ጠፍታ ከቆመች ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) እየዞረ ሞተሩ አይነሳም፣ ግማሽ ሰዓት ስታርፍ ደሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ትነሳለች። አንዳንዴ መንገድ ላይ እየሄደችም ቀጥ ትላለች። ባትሪ፣ ካንዴላ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ በመጨረሻም የነዳጅ ፖምፓ ተቀይሯል፣ ለውጥ የለም። የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነር ተሰክቶም «ኮድ የለም» ተብላለች። አሁን የምትጠይቀው ቦቢናውን (ለካንዴላ እሳት የሚያመነጨውን) ልቀይር ወይስ ሰልችቶኛል ልሽጣት ነው።

እህቴ ሁለቱንም ለጊዜው ተዪው። እስካሁን የተቀየረው እቃ ሁሉ የተቀየረው መኪናዋ ደህና በሆነችበት ሰዓት ነው፣ ጋራዥ የደረሰችው እኮ በራሷ ተነድታ ነው፣ ጤነኛ ሆና የመጣች መኪና ላይ መካኒኩ ምን ያያል? ገምቶ ይቀይራል፣ አንቺ ትከፍያለሽ፣ ትንሽ ቆይቶ እዛው ነሽ። በዚ አይነት ብልሽት ላይ ዋናው ነገር እምቢ ባለችበት ደቂቃ ምን እንደጎደላት ማወቅ ነው። ሞተር ለመነሳት የሚፈልገው ብዙ አይደለም፣ በቂ ፍጥነት መዞር፣ እሳት፣ ነዳጅ፣ ከዛ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር። ከነዚ አንዱ ወይ ሁለቱ ያን ሰዓት ጠፍተዋል። የቱ እንደጠፋ ሳይታወቅ የሚገዛ እቃ በሙሉ ሎተሪ ነው።

መጀመሪያ ለምን ቆማ እንደሚብስባት ልንገርሽ፣ ብዙ ሰው ግር የሚለው እሱ ነው። ሞተር ሲሰራ ውሃው ይዞራል፣ ፋኑ ይነፍሳል፣ ስትነጂ ደሞ ከፊት አየር ይገባል። ስታጠፊው ውሃውም አየሩም ቀጥ ይላል፣ ብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ግን የትም አልሄደም፣ ቀስ እያለ ወጥቶ ኮፈን ስር ያለውን ነገር ሁሉ ይቀቅለዋል። ስለዚ ሞተሩ ላይ የታሰሩ ሴንሰሮች በጣም የሚሞቁት ስትነጂ ሳይሆን ካጠፋሽ በኋላ ባሉት 10 እስከ 20 ደቂቃዎች ነው፣ ያንቺ መኪና የምታምፅበት ሰዓት ከዚ ጋር ልክክ ይላል። ትንሽ መኪና ላይ ይብሳል፣ ኮፈኑ ስር ቦታ ስለሌለ ሴንሰሩም ሽቦውም ጭስ ማውጫው ላይ ተጠግቶ ነው የሚታሰረው።

ሳላያት ልጠርጥር ካልሽኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው ክራንክ ሴንሰሩን ነው። ይሄ ሴንሰር እንደ መኪናው አይነት ወይ ቮላኖው (ሞተሩና ካምቢዮው መሃል ያለው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ወይ ከፊት ቺንጋው በኩል ይታሰራል፣ ስራው ጥርስ ያለው ክብ ብረት ሲዞር ጥርሶቹን እየቆጠረ ለኮምፒዩተሩ ሞተሩ በዚ ፍጥነት እየዞረ ነው፣ ፒስተኑ እዚ ጋ ደርሷል እያለ መንገር ነው። ኮምፒዩተሩ ይሄን ካልሰማ ሞተሩ ቆሟል ብሎ ነው የሚያስበው፣ እሳት አይሰጥም፣ ኢንጀክተር አይከፍትም፣ ብዙ መኪና ላይ የነዳጅ ፖምፓውንም ያጠፋል። እንግዲ አዲሱ ፖምፓሽ ምንም ያላመጣው ለዚ ሊሆን ይችላል፣ ፖምፓው ደህና ሆኖ ስራ የሚለው ነው የጠፋው። ባለ 2 ሽቦው ሴንሰር ውስጡ በጣም ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው የተጠቀለለበት፣ ሽቦው አንድ ቦታ ተሰንጥቆ ከሆነ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል ሲሞቅ ይላቀቃል። ባለ 3 ሽቦው ደሞ ብዙ ጊዜ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ እሱም ሲያረጅ ሙቀት ሲበዛበት ዝም ይላል። ኮድ ያልተገኘውም አይገርምም፣ ሲግናሉ ድንገት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩ ባለቤቷ አጠፋችው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ከያዘ ብዙ ጊዜ ፒ0335 ወይ እሱ አካባቢ ያለ ቁጥር ነው የሚመጣው።

ግን ጠረጠርኩ ማለት ግዢ ማለት አይደለም እሺ? መጀመሪያ ይሄን አድርጊ። ነገ ጠዋት መኪናዋ ቀዝቃዛ እያለች ማርሹን ነፃ አድርጊ፣ የእጅ ፍሬን ሳቢ፣ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ድረስ ረግጠሽ እንደያዝሽ ቁልፉን ለ3 ወይ 4 ሰከንድ አዙሪ። ብዙ ኢንጀክተር ያላቸው መኪኖች እንደዚ ሲደረግ ነዳጅ ስለሚዘጉ ሞተሪኖው ያዞራል እንጂ ሞተሩ አይነሳም (ከተነሳብሽ ቶሎ እግርሽን አንሺ)። በዛች ሰዓት የአርፒኤም ቆጣሪዋን እዪ። ሞተሪኖ ሲያዞር ከ150 እስከ 300 አርፒኤም አካባቢ ስለሆነ ቀስቷ ከዜሮ ትንሽ ከፍ ትላለች ወይ ትንቀጠቀጣለች። ጤነኛ ስትሆን ይሄን ካየሽ በኋላ፣ ሞቃ እምቢ ስትል ደግመሽ እዪ፣ ሞተሩ እየዞረ ቀስቷ ዜሮ ላይ ሙጭጭ ካለች ሴንሰሩ ወይ ሽቦው ሲግናል አልላከም። ጠዋትም ቀስቷ የማትንቀሳቀስ ከሆነ የሷ ቆጣሪ እንደዛ ነው የተሰራው ማለት ነው፣ ያኔ ስልክ ላይ የሚሰራ ትንሽ ስካነር ሰክተሽ ላይቭ ዳታ (ሴንሰሮቹ በዛች ሰዓት የሚልኩት ቁጥር) ላይ አርፒኤሙን አንብቢ። ጋራዡ «ኮድ የለም» ብሎ ስካነሩን ነቅሎ የሄደው ትልቁን ነገር ሳያይ ነው፣ ስካነር ዋና ጥቅሙ እሱ ላይቭ ዳታው ነው።

እዛው ቁጭ ብለሽ ሌላም ነገር ስሚ። ሬዲዮ አጥፊ፣ ቁልፉን ኦን ላይ ብቻ አድርጊው ሞተሪኖ ሳትነኪ፣ ብዙ መኪና ላይ ከኋላ ወንበር ስር ፖምፓው ለ2 ሰከንድ ያህል ዝዝዝ ይላል። ጠዋት ይሰማ የነበረ ድምፅ ሲሞቅ ከጠፋ፣ በተለይ ቼክ ኢንጂኑም ኦን ላይ አልበራ ካለ፣ ነገሩ ከሴንሰር ይልቅ ወደ ዋናው ሪሌይ (ለኮምፒዩተሩ ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋው ትንሽ እቃ) ይሄዳል። ሪሌይ ውስጥ ያለ ሳልዳቱራ (ሽቦ የተበየደበት ቦታ) በአይን በማይታይ ስንጥቅ ሲሞቅ ይከፈታል፣ የድሮ መኪኖች ላይ የታወቀ በሽታ ነው፣ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ ሪሌይ እዛው ሳጥን ውስጥ ካለ አቀያይሮ መሞከር በነፃ ነው። እሳት መኖሩን ለማየት ግን የካንዴላ ኬብል በእጅሽ ይዘሽ እንዳትሞክሪ፣ ያ ቮልቴጅ ቀልድ አያውቅም፣ ለዚ የተሰራች ትንሽ መብራት ያላት ቴስተር አለች፣ መካኒክ ጋር አትጠፋም።

የነዳጅ በኩሉን ባጭሩ። እምቢ ስትል ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተሽና ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠሽ ስታዞሪ እያጓራች ከተነሳች ነዳጅ በዝቶባታል፣ ኢንጀክተር እያንጠባጠበ ነው ወይ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩ እየዋሸ ነው። ውሸታም ሴንሰር ለመያዝ ቀላል ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የቆመች መኪና ላይ ጠዋት ስካነር ስትሰኪ የውሃውና የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለባቸው፣ አንዱ ከሌላው 20 እና 30 ዲግሪ ከራቀ አንዱ ውሸታም ነው። በተቃራኒው ቁልፉን ኦን ኦፍ ኦን ኦፍ ሶስት ጊዜ አድርገሽ ስታዞሪ ቶሎ የምትነሳ ከሆነ ደሞ የነዳጁ ፕሬዠር ቆማ እያለች እየወረደ ነው። ቤንዚን ሞልተሽ ስትወጪ ብቻ የምትቸገሪ ከሆነ ከታንከሩ የሚመጣውን ትነት የምታስገባ ቫልቭ ክፍት ቀርታ ነው፣ ያንቺ ግን አይመስለኝም። ሞተሪኖው ራሱ ስትሞቅ እየከበደው ቀስ ብሎ የሚያዞር ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው፣ ማሳ ካቦውን (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን) አስለኪ፣ የቮልት መለኪያው አንዱ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ሌላው የሞተሩ ብረት ላይ ሆኖ ሞተሪኖ ሲዞር ከ0.2 ቮልት ብዙ ከበለጠ ካቦው ወይ ማሰሪያው ነው ሌባው። ባትሪሽ አዲስ ነው፣ ቆማ 12.6 አካባቢ፣ እየሰራች ከ13.8 እስከ 14.7 ካሳየ ባትሪና ዲናሞን ከዚ ወሬ አውጪያቸው።

ወደ ሴንሰሩ ልመለስ፣ ምክንያቱም ቀስቷ ዜሮ ላይ ከቆመች እንኳን ሴንሰሩ ራሱ ነው ወይስ ሶኬቱ የሚለው ይቀራል፣ ብዙ ሰው እዚ ጋ ነው የሚሸወደው። ሶኬቱን ነቅለሽ ባትሪ ጫፍ ላይ እንደሚታየው አይነት አረንጓዴ ነገር ወይ የሞተር ዘይት ገብቶበት እንደሆነ እዪ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በቀስታ ሳብ ሳብ አድርጊ፣ ላስቲኩ ደህና መስሎ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ጭስ ማውጫውን ነክቶ የተላጠ ሽቦም አይቻለሁ፣ ሰውየው ሴንሰሩን ደጋግሞ ቀይሮ ነበር። ሽቦው ሰላም ከሆነና ሴንሰሩ ባለ 2 ሽቦ ከሆነ መካኒኩ ቀዝቃዛ እያለ በኦም ይለካው፣ ብዙዎቹ ከ500 እስከ 1500 ኦም መሃል ናቸው፣ ትክክለኛው ቁጥር የመኪናዋ ማኑዋል ላይ አለ። ከዛ ፈትቶ በፀጉር ማድረቂያ እያሞቀ ይለካው። ሲሞቅ ቁጥሩ በመጠኑ መጨመሩ የመዳብ ባህሪ ነው፣ ድንገት ዘሎ መስመሩ ተቋርጧል ካለ ግን በቃ ሞቷል። ባለ 3 ሽቦ ሆኖ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ በኦም አይለካም፣ እሱ ላይ የሚታየው የሚገባለት ቮልቴጅና የሚልከው ሲግናል ነው።

መንገድ ላይ ከሆነና ሴንሰሩ እጅ የሚደርስበት ቦታ ካለ ሌላ ዘዴ አለ፣ ቁልፉን አውጥተሽ በውሃ የራሰ ጨርቅ ሴንሰሩ ላይ ብቻ ጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ከዛ ጨርቁን አንስተሽ ማስነሳት። ሁሌ ግማሽ ሰዓት የምትፈጅ መኪና በ3 ደቂቃ ከተነሳች ወንጀለኛው ተያዘ። ውሃ ሞተሩ ላይ እንዳትደፊ ግን፣ የጋለ ብረት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ፋኑም ጠፍታም ቢሆን በራሱ ሊነሳ ስለሚችል እጅሽንና ሻርፕሽን ከሱ አርቂ።

እስክትሰራ ድረስ ፈጣን መንገድ ላይ አትውጪባት። እየሄደች ከጠፋች ቁልፉን እስከ መጨረሻው እንዳትመልሺው መሪው ይቆለፋል፣ ፍሪሲዮን ረግጠሽ ሃዛርድ አብሪና ወደ ዳር ያዣት። መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑ ግን አንድ ሁለት ጊዜ ለመርገጥ የሚሆን እገዛ ይቀረዋል፣ ስለዚ ቶክ ቶክ እያረግሽ አትጨርሺው፣ አንዴ በደንብ ረግጠሽ ያዢ።

አሁን ልሽጣት ወይ ላልሽው። ሰው መኪናን የሚፈርድባት ባስቆመችው ቁጥር ነው፣ ያናድዳል አውቃለሁ፣ ግን አስር ጊዜ በአንድ ሴንሰር ያስቆመች መኪና ያለባት አንድ ብልሽት ነው። እኔ ብሆን የምፈርድባት በሌላ ነገር ነው። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚያምቅበትን ጉልበት) አስለኪ፣ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባር ያሳያል፣ ከቁጥሩ በላይ ግን እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፣ ከ15 ፐርሰንት በላይ ከተለያዩ ጥሩ አይደለም፣ ባለ 3 ሲሊንደር ላይ ደሞ አንዱ ከሞተ የጉልበትሽ ሲሶ ያህል ሄደ ማለት ነው። ውሃ የሚፈስበት ሳይታይ እየጎደለ ከሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን (የሞተሩ የላይኛው ክፍል የሚያርፍበትን ማሸጊያ) አስፈትሺ። ከስር አንስተው እግሮቿ የሚታሰሩበት ቦታ ላይ ዝገት እንዳለ ይዩ። ዘይት ትበላለች? ካምቢዮው ማርሽ ሲገባ ይጮሃል? እነዚ ላይ ሁለት ሶስት መጥፎ መልስ ካገኘሽ አንድ ብር ሳትጨምሪ ሽጫት፣ ለገዢው ግን እውነቱን ንገሪው። እነዚ ደህና ከሆኑ በአንድ ሴንሰር ምክንያት ደህና ሞተር አትስጪ፣ ደሞ «አንዳንዴ አትነሳም» የምትባል መኪና የምትሸጠው በርካሽ ነው።

ሴንሰሩ ከተቀየረ ደህናውን ግዢ፣ ርካሹ አንዳንዴ ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ አይሰራም። ሲታሰር መቀመጫው ይጠረግ፣ ጫፉ ላይ የብረት ብናኝ ካለ ይፅዳ፣ ሽቦው በነበረበት ክሊፕ ተመልሶ ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ከዛ ጋራዡ በር ላይ ተነሳች ብለሽ እንዳትሄጂ፣ በደንብ ነድተሽ አሙቂያት፣ አጥፊያት፣ 15 ደቂቃ ጠብቂ፣ አስነሺያት፣ ይሄን ሶስት ጊዜ ድገሚው። አሁንም እምቢ ካለች ቀስቷ ምን ሆነች፣ ፖምፓው ተሰማ ወይ፣ እሳት ነበር ወይ፣ ታንከሩ ውስጥ ምን ያህል ቤንዚን ነበር፣ እነዚን አራቱን ፅፈሽ ላኪልኝ፣ ከዛ ቀጥሎ ሽቦውን እስከ ኮምፒዩተሩ ድረስ እንከተለዋለን።