የውጭ ገንዘብ ተቀብለን ለኤላችን መከራከር እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምንጽፈው ከቦረና ነው። ከብቶቻችን የሚጠጡት አያቶቻችን በእጃቸው ከቆፈሩት ኤላ (የውኃ ጉድጓድ) ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ባለሀብት በአቅራቢያው ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍሮ ውኃ በሞተር መሳብ ጀመረ። ከብቶቹ ወደ ኤላው የሚወርዱበትንም መንገድ አጠረው። የኤላው ውኃ እየራቀ ነው። ወጣቶች ተሰብስበን መብታችንን ለማስከበር ተነሥተናል። አንድ የውጭ ፋውንዴሽን ሊረዳን ፈቃደኛ ነው። ሚኒሶታ ያሉ ወንድሞቻችንም እያዋጡ ነው። ግን «ከ10 በመቶ በላይ የውጭ ገንዘብ የተቀበለ ስለ መብት መሟገት አይችልም» ተባልን። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነበር፤ አሁን አይደለም። የነገሯችሁ ሰዎች የሚያስታውሱት አዋጅ ቁጥር 621/2001ን ነው። በዚያ አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ ያገኘ ድርጅት በሰብዓዊ መብት ሥራ ላይ መሰማራት አይችልም ነበር። ብዙ የመብት ድርጅቶች በዚህ ምክንያት ወይ ተዘጉ፣ ወይ ሥራቸውን ቀየሩ። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያንን ሕግ ሽሮታል። አሁን የተመዘገበ ድርጅት ከማንኛውም ሕጋዊ ምንጭ ገንዘብ መቀበል ይችላል። ከሥራው ጋር በተያያዙ ሕጎችና ፖሊሲዎች ላይ የአድቮኬሲ ሥራ እንዲሠራም አዋጁ በግልጽ ይፈቅዳል።

«የተመዘገበ» የሚለው ቃል ግን አይዝለላችሁ። ተሰብስባችኋል እንጂ ገና ማኅበር አልሆናችሁም። ማኅበር ለማቋቋም አምስት አባላት ይበቃሉ። ሥራችሁ በኦሮሚያ ብቻ ከሆነ በክልሉ ሕግ ትመዘገባላችሁ። ወደ ሶማሌ ክልልም የምትሻገሩ ከሆነ አዲስ አበባ ያለው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዘንድ ትሄዳላችሁ። እስከዚያው የፋውንዴሽኑም ሆነ የሚኒሶታው ገንዘብ በአንድ ልጅ የግል አካውንት እንዳይገባ አደራ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ልጁ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ነገ ከየት አመጣኸው ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

ሚኒሶታ ያሉት ወንድሞቻችሁ ለጋሽ ሆነው ቢቀጥሉ ይሻላል። እዚያ ያቋቋሙትን ድርጅት አምጥተው እዚህ ላስመዝግብ ካሉ እንደ ውጭ ድርጅት ይታያሉ። የውጭ ድርጅት ደግሞ ሌላ ሕግ ካልፈቀደለት በቀር የፖለቲካ ፓርቲዎችን መወትወት፣ የመራጮች ትምህርት መስጠትና ምርጫ መታዘብ አይችልም። እናንተ ራሳችሁ ብትቆሙ ይህ ጣጣ የለባችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አዋጅ 1113 ዕድርን፣ ዕቁብንና የመሳሰሉትን ባህላዊ ስብስቦች አይመለከትም። ስለዚህ የኤላው ሥርዓት መመዝገብ አያስፈልገውም። ቱላ የሚባለውን ጥልቅ ኤላ ያየ ሰው ያውቀዋል። ወጣቶቹ ከታች እስከ ላይ በመሰላል ላይ ይደረደራሉ፣ ኦኮሌው (የውኃ መቅጃው ባልዲ) ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይወጣል፣ ዘፈኑ አይቋረጥም። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚያስተዳድረው አባ ሄሬጋ ነው። ይህን ሰው በፕሮጀክት ደመወዝ አትቅጠሩት፤ እባካችሁ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሥልጣኑም አብሮ ያለቀ ይመስላል። ዳኛው «ኤላው የማነው?» ብሎ ሲጠይቅ ከሁሉ የጠነከረ መልሳችሁ ይኸው ሥርዓት ነው። ማኅበራችሁ ከኤላው ሽማግሌዎች ጎን ይቁም፤ በቦታቸው ግን አይተካ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 መሠረት ማኅበር የአባላቱን ጥቅም ወክሎ፣ ተመሳሳይ ጥቅም ያለው ቡድን አባልም ቡድኑን ወክሎ ፍርድ ቤት መቅረብ ይችላል። ስለዚህ የኤላው ተጠቃሚዎች ራሳቸው የማኅበሩ አባል ይሁኑ። የወከሉበትም ቃለ ጉባኤ በጣት አሻራ ጭምር ይፈረም።

ስለ ውኃው ያለው ሕግ ከምታስቡት በላይ ይደግፋችኋል። በውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 በእጅ ጉድጓድ ለመቆፈርም ሆነ በእጅ ከተቆፈረ ጉድጓድ ለመጠቀም ፈቃድ አያስፈልግም። በባህላዊ መንገድ ከብት ለማርባት ለሚውል ውኃም እንዲሁ። ስለዚህ «ፈቃዳችሁ የታለ?» ለሚላችሁ ሰው ይህን አሳዩት። በሞተር የሚስበው ባለሀብት ግን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ያ ፈቃድ ደግሞ የሚሰጠው የሌላውን ሕጋዊ ጥቅም የማይነካ ሲሆን ነው። አዋጁ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከሌላው ሁሉ ቅድሚያ ይሰጣል። የፈቃዱን ቅጂና የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማውን በደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤውን ስታስገቡ በቅጂው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱበት።

በአካባቢ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። አቤቱታ ለማቅረብ የግል ጥቅም ማሳየት አይጠበቅባችሁም። መጀመሪያ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ትላላችሁ። በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ትሄዳላችሁ። እነዚህን ቀኖች ግድግዳ ላይ ጻፏቸው። ጥሩ ጉዳይ በቀን ቆጠራ ሲሞት ማየት ያንገበግባል።

በጀት ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአዋጅ 1113 መሠረት የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። የጠበቃ ክፍያ ደግሞ በአዋጁ ትርጉም ከአስተዳደር ወጪዎች ጋር ተዘርዝሯል። የእናንተ ፕሮጀክት ግን ራሱ የሕግ ድጋፍ ነው። ስለዚህ የጠበቃውን ክፍያ፣ የሽማግሌዎቹን ትራንስፖርትና የስብሰባውን ወጪ የፕሮጀክት ተግባር መሆናቸውን በውሉም በዕቅዱም በግልጽ አስጽፉ።

ፋውንዴሽኑ «ነባር ሕዝቦች» የሚለውን ቃል ይወደዋል። ለእነሱ በምትጽፉት ላይ ተጠቀሙበት። ለወረዳውና ለፍርድ ቤቱ ስትጽፉ ግን አርብቶ አደር በሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ለግጦሽ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችሁ እንዲጠየቅ መብት ይሰጣችኋል።

ለጋሹ የአንድ ዓመት ፕሮጀክት ካቀረበ እምቢ በሉ ባልልም፣ ተደራደሩ። ከቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ የተፈናቀሉት የኬንያ እንዶሮይስ አርብቶ አደሮች ለአፍሪካ የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ያመለከቱት እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ውሳኔው የታወቀው በ2010 ነው። አሸነፉ፤ ግን ሰባት ዓመት ፈጀ፣ ከዚያ በኋላም ማስፈጸሙ ሌላ ትግል ሆነ። ኢትዮጵያም ኮሚሽኑ የሚሠራበትን የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አጽድቃለች፤ ወደዚያ የሚኬደው ግን የአገር ውስጥ በር ሁሉ ከተንኳኳ በኋላ ነው።

እስከዚያ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለ። ኦኮሌውን ለማውጣት አምና ስንት ሰው በመሰላሉ ላይ ይደረደር ነበር? ዘንድሮስ? የሰው መብዛት የውኃውን መራቅ ያሳያል። ሞተሩ ውኃ መሳብ ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ያለውን ቁጥር ከአባ ሄሬጋው ጠይቃችሁ፣ ቀን ጽፋችሁ፣ ምስክር አስፈርማችሁ አስቀምጡ። ጠበቃ ስትይዙ መጀመሪያ የምትሰጡት እሱን ነው።