ድንጋይ ዕድሜ ያስቆጥራል ወይ?

ጥያቄ፦ «‹600 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያስቆጠረው የነጋሽ ግራናይት› የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ዕድሜ ነፍስ ላለው አይደለም እንዴ? ‹ዘመን› ቢባል አይሻልም? ‹ያስቆጠረ›ስ ልክ ነው?»

መልስ፦ ለድንጋይም ዕድሜ ይባላል። የቤት ዕድሜ፣ የመኪና ዕድሜ እንል የለ? ዕድሜ የሚፈልገው ነፍስ ሳይሆን መነሻ ነው። ዘመን ሌላ ነው። «የአክሱም ዘመን» ስንል ብዙ ሰውና ብዙ ነገር አብሮ የኖረበትን ጊዜ ማለታችን ነው። «የግራናይቱ ዘመን» ካሉ ትርጉሙ ወደዚያ ይሄዳል።

ዋናው ጣጣ መነሻው ነው። ሰው ከተወለደ፣ ቤት ከተሠራ ይቆጠራል። ግራናይትስ? እኔ «ከረጋ» ቢባል እወዳለሁ። ግራናይት መጀመሪያ ቅልጥ አለት ነበር። ከመሬት በታች በኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ቀስ እያለ ቀዘቀዘ፤ ልክ እንደ ቅቤ ረጋ። «ተፈጠረ» ስህተት ባይሆንም በጣም ሰፊ ነው።

«ያስቆጠረ» ለግራናይት እንዴት እንደሚስማማው ልንገርዎ። «አስ-» የገባበት ግስ ስለሆነ ቆጣሪው ሌላ ነው፤ ድንጋዩ ያስቆጥራል፣ ሰው ይቆጥራል። በግራናይት ውስጥ ዚርኮን የሚባል ደቃቅ ማዕድን አለ። ዚርኮን ሲያድግ ዩራኒየምን ያስገባል፤ እርሳስን (የመጻፊያውን ሳይሆን የጥይቱን) ግን አይቀበልም ማለት ይቻላል። ዩራኒየም 238 ደግሞ ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ዛሬ በዚርኮኑ ውስጥ የሚገኘው እርሳስ እዚያው የተወለደ ነው። ሁለቱን ለክቶ ማነጻጸር ዓመቱን ይሰጣል። ከውቅሮ በስተሰሜን ያለው የነጋሽ ግራናይት 600 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ጽሑፉ ላይ የማርመው «ዓመት ዕድሜ ያስቆጠረ» የሚለውን ነው። የሚቆጠረው ዓመት ነው። ወይ «ዓመት ያስቆጠረ»፣ ወይ «ዓመት ዕድሜ ያለው» ይበሉ።

«የምን ዕድሜ» እንደሆነ በሚያሳየው «የ» ላይም ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። አንዳንድ ዚርኮን ከቀደመ አለት ተርፎ፣ ሳይቀልጥ አዲሱ ግራናይት ውስጥ ይገባል። ያኔ የዚርኮኑ እምብርት ዕድሜና የግራናይቱ ዕድሜ ይለያያሉ። የአክሱም ሐውልትም እንዲሁ ነው። የሐውልቱ ዕድሜ ከተጠረበ ጀምሮ 1,700 ዓመት ገደማ ነው፤ የድንጋዩ ግን በሚሊዮን ይቆጠራል። በነገራችን ላይ ያ ድንጋይ ብዙዎች ግራናይት ቢሉትም ኔፌሊን ሳይናይት የተባለ ሌላ አለት ነው። ግራናይት ኳርትዝ ከሚባለው ማዕድን ውጭ አይሆንም፤ እሱ ደግሞ ኳርትዝ የለውም።

«ግራናይቱ ከየት መጣ?» የሚለውም ሁለት ፍቺ አለው። የድንጋይ ነጋዴ ቢጠይቅ መልሱ «ከነጋሽ» ነው። ተመራማሪ ሲጠይቅ ግን ቅልጡ ከምን እንደወጣ መጠየቁ ነው። ለዚያ ሩቢዲየም፣ ኒዮቢየምና ኢትሪየም የተባሉ ንጥረ ነገሮች ምን ያህል እንዳሉበት ይለካል፤ መጠናቸው አለቱ የረጋው ውቅያኖስ ሲዘጋ ይሁን አህጉር ሲሰነጠቅ ይጠቁማል። የነጋሹ ግራናይት የረጋው የሞዛምቢክ ውቅያኖስ ተዘግቶ ጎንድዋና የተባለው ታላቅ አህጉር በሚገጣጠምበት ዘመን ነው። እዚህ ጋ «ዘመን» ትክክለኛ ቦታውን አገኘ።