ልብ ሊያሳርፍ መጥቶ ልብ የሚቆጥር ጨዋታ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ሆቴል የሌሊት ፈረቃ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ብዙ ሰው ስለማይመጣ፣ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ብዬ በስልኬ ላይ በቁጥር እየተመሩ ሳጥን አጥቁሮ ሥዕል የማውጣት ጨዋታ (ኖኖግራም) ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ልቤን ያሳርፈው ነበር። አሁን ግን ያናድደኛል። ሦስት ልብ ይሰጠኝና በተሳሳትኩ ቁጥር አንድ ይቀንስብኛል፤ ሲያልቅብኝ ማስታወቂያ ካላየሽ አትቀጥዪም ይለኛል። ትልልቆቹን ደግሞ ሳልገምት ጨርሼ አላውቅም። ችግሩ የእኔ ነው ወይስ የጨዋታው? እናቴ “ዓይንሽን ታጠፊዋለሽ” እያለች ነው። ልተወው?
የሌሊት ሠራተኛዋ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ (ዕድሜውን ሒሳብ ሲያስተምር የኖረ ሰው ሁሉንም ልጄ ይላልና አትቀየሚኝ)፣ እኔም የዚሁ ጨዋታ ምርኮኛ ነኝ። ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ሄጄ ቆሮሶው ተጠብሶ እስኪመጣ ብዬ አንድ አሥር በአሥር ሰንጠረዥ እጀምርና ዓሣው ፊቴ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ምክሩን የምትሰሚው ከዳኛ ሳይሆን ከግብረ አበር ነው።

ከግምቱ ልጀምር። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ በየረድፉና በየዓምዱ ጫፍ ያሉት ቁጥሮች ስንት ሳጥን ተከታትሎ እንደሚጠቁር ይናገራሉ፤ በሁለት ቁጥሮች መሐል ቢያንስ አንድ ባዶ ሳጥን ይቀራል። አሥር ሳጥን ባለው ረድፍ ላይ “4 እና 3” ተጽፎ ታገኛለሽ እንበል። የትም ሊያርፍ ይችላል ብለሽ ታልፊዋለሽ። አትለፊው። ሁለቱንም ወደ ግራ ጥግ ግፊያቸው፦ አራቱ ከ1ኛው እስከ 4ኛው ሳጥን ይይዛል፤ አንድ ባዶ ትተሽ ሦስቱ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ይሆናል። አሁን ደግሞ ወደ ቀኝ ግፊያቸው፦ አራቱ ከ3ኛው እስከ 6ኛው፣ ሦስቱ ከ8ኛው እስከ 10ኛው። ወደ የትም ብትገፊያቸው አራቱ 3ኛውንና 4ኛውን፣ ሦስቱ ደግሞ 8ኛውን አይለቁም። እነዚህን ሳትፈሪ አጥቁሪ። ቁልቁል ላሉት ዓምዶች ምስክር ሆነው የሚቆሙት እነሱ ናቸው። ከምትገምቺባቸው ቦታዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ እንደሚሆኑ እጠረጥራለሁ።

አብዛኞቹ ያልኩት ሁሉም ስላልሆኑ ነው። ሁለት በሁለት የሆነች ሰንጠረዥ ሥዪና በየረድፉም በየዓምዱም 1 ጻፊ። በአንዱ ሰያፍ ብታጠቁሪም ልክ ነሽ፣ በሌላውም ልክ ነሽ። እንዲህ ዓይነት ቦታ በትልቅ ሰንጠረዥ መሐል ሲገኝ ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው። ደህና እንቆቅልሽ መልሱ አንድ ብቻ ነው።

ወደ ልቦቹ እንምጣ፤ እኔንም የሚያበሽቀኝ ይህ ነው። እናቴ ዳንቴል ትሠራ ነበር። ባለ ካሬ ወረቀት ከጉልበቷ ላይ ዘርግታ “ሦስት ሙሉ፣ ሁለት ባዶ” እያለች በኪሮሽ ስትወጋ፣ ከቁጥሩ ውስጥ ቀስ እያለ ጽጌረዳ ይወጣል። አንዳንዴ ከአሥር ረድፍ በፊት የሳተችው አንድ ዓይን አሁን ይገለጥባታል። ምንም አትልም። ክሩን ትስብና እስከዚያ ድረስ ተርትራ ትፈታዋለች፤ ከዚያ እንደገና “ሦስት ሙሉ” ትላለች። የዚህ ጨዋታም ጣዕሙ እዚያ ላይ ነበር፦ ስህተትሽ ዝም ብሎ ይጠብቅሻል፣ አንቺው ታገኚዋለሽ። የስልኩ ጨዋታ ግን ገና ጣትሽን ሳታነሺ “ተሳስተሻል” ይልሻል። ይባስ ብሎ፣ አንድ ልብ ከወሰደ በኋላ ትክክለኛውን ምልክት ራሱ ያስቀምጥልሻል። ይህ እኮ መልስ መሸጥ ነው! ማሰብ አምስት ደቂቃ፣ መገመት አንድ ልብ ከሆነ ማን ያስባል? ግምትን ያስተማረሽ እሱ ነው። ደግሞ ሳጥኖቹ ስለሚጠቡ ጣቴ ጎረቤቱን ሲነካ የጣቴን ስህተት በአእምሮዬ ላይ ይመዘግብብኛል።

እንግዲህ ማስተካከያው ውስጥ ግቢና ስህተትን ወዲያው የሚያሳየውን ምርጫ አጥፊው። ብዙዎቹ ላይ አለ፤ ያንቺ ላይ ከሌለ ያለበትን ፈልጊ። ማስታወቂያው ዳታ ስታጠፊ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ጥቅልሽም ይተርፍልሻል። ስለ ዓይንሽ እናትሽን ስሚ፤ ሃያ በሃያን በስልክ አትንኪ። “አእምሮን ይስላል” የሚሉትን ግን እኔ አልምልበትም። ሰንጠረዥ መፍታትን ግን ያለማምዳል።

ስልክ የግድ አይደለም። ኖን ኢሺዳ የተባለች ጃፓናዊት እ.ኤ.አ. በ1987 የቶኪዮ ፎቅ መስኮቶችን መብራት እያበራችና እያጠፋች ሥዕል ሠርታ በውድድር አሸነፈች፤ እንቆቅልሹ የተወለደው ከዚያ ሐሳብ ነው። ቴትሱያ ኒሺዮ የተባለ ሌላ ጃፓናዊም በዚያው ዘመን ለብቻው ደርሶበታል። ኖኖግራም የሚለው መጠሪያም ከኖን ስም የተወሰደ ነው። የእንግሊዙ ሰንደይ ቴሌግራፍ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ሲያትመው አንባቢው የሚፈታው በእርሳስና በላጲስ ነበር።

እኔም በዚያ መንገድ የራሴን መሥራት ጀምሬያለሁ። ምክንያቱም አንድ ምሽት ሁለት ሰዓት ለፍቼ የወጣልኝ የበረዶ ሰው ነው። ሐዋሳ ላይ የበረዶ ሰው! በማግስቱ ባለ ካሬ ደብተር ገዛሁና ሐይቁ ዳር የሚንጎራደደውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ በአሥራ አምስት በአሥራ አምስት ሠራሁት። የጎረቤቴ ልጅ በትዕግሥት ፈትታ ስትጨርስ “ጃንጥላ ነው” አለችኝ።

ላንቺ ቀለል ያለ፣ አምስት በአምስት ይኸውልሽ። ረድፎቹ ከላይ ወደ ታች፦ 2 እና 1፤ 1 እና 3፤ 4፤ 5፤ 2 እና 1። ዓምዶቹ ከግራ ወደ ቀኝ፦ 3፤ 1 እና 3፤ 5፤ 3፤ 2 እና 2። አንድም ግምት አያስፈልገውም። ሲወጣልሽ ሎሚ አዘጋጂ።